ከስምንት ፊደል አይበልጥም

«ስምንት ፊደል ነው ያልኩህ! ስምንት! ይሄ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ቆጥረኸዋላ!»

«ሳይቆጥር የሚጽፍ ገጣሚ የለም» አልኳት፤ ያውም ኮራ ብዬ።

እህቴ ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ከጀርባው አጠር ያለ ነገር ይኖር ይሆናል ብላ። ከጀርባው ያገኘችው ሌላ ግጥም ነው። ወረቀቱን ከሰላጣው ሳህን አጠገብ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች።

«እኔ እኮ ሦስት መልእክት ነው የጠየቅኩህ። ‹ወጣ›፣ ‹ተዛወረ›፣ ‹ደረሰ›። በቃ። የታክሲ ረዳት እንኳን ከዚህ በላይ አያወራም።»

«የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ነው የሚያወራው።»

«እሺ፣ ካንተ ያነሰ ያወራል።» ወረቀቱን እንደገና አነሳችና ጣቷን መጨረሻው ቃል ላይ አደረገች። «ደግሞ ‹ዘለቅሁ›? ኮምፒውተር ነው እኮ! ኮምፒውተር ‹ዘለቅሁ› ይላል?»

የተጣላንባት ስንኝ ይህች ነበረች፦

ምድጃዬ ሳይበርድ ጎጆዬን ለቀቅሁ፣
ፍሜን ታቅፌ ማዶ ቤት ዘለቅሁ።

እሑድ ነው፤ ከቸርች ተመልሰን ምሳ ላይ። ስንኟን የጻፍኳት ስብከቱ ላይ፣ የመዝሙር ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም። ለእናታችንማ ጭራሽ።

የምንኖረው ጎሮ ነው፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ። ወላጆቻችን ሆሳዕና ናቸው። እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር ትሠራለች፤ ያን ጊዜ ግን የአንድ ወር ፈቃድ ወስዳ የሁለተኛ ዲግሪዋን የመመረቂያ ሥራ እየጨረሰች ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጭንቅ ጨርሼ፣ መገናኛ አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት ለሠርግ ካርድ ስንኝ እጽፋለሁ። ወንዝና ወንዝ ተገናኝቶ፣ ጽጌረዳና ንብ ተፋቅሮ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ከስንኙ ስር የሚጻፈው የሙሽሮቹ ስም እንጂ የእኔ አይደለም። በስሜ የታተመች አንዲት መስመር አልነበረችኝም። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ ግን «እጽፋለሁ» እልና ወደ ሩቅ አያለሁ። ወደ ሩቅ ማየቱን በመስተዋት ተለማምጄዋለሁ።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርኩት መገናኛ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው ከሚሸጡ ሰዎች ፊት ቆሜ በማንበብ ነው። «ወንድም፣ ወይ ግዛ ወይ ንካው» እስኪሉኝ ድረስ አነባለሁ። ስለዚህ የብዙ መጽሐፍ የመጀመሪያ ሃያ ገጽ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚያልቁ ግን አላውቅም። ግጥሞቼን ያነበበ ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል።

የእህቴን ሥራ የማስረዳው እሷ ለእኔ ባስረዳችበት መንገድ ነው፤ ሌላ አላውቅም።

«ግቢ አስብ» ብላኝ ነበር። «ግቢው ውስጥ አራት ቤት አለ። በተለመደው ኮምፒውተር አራቱንም የምታስተዳድረው አንዲት አከራይ ናት። ውኃ ለመቅዳት እሷን፣ ልብስ ለማስጣት እሷን፣ በር ለመክፈት እሷን ማስፈቀድ ነው። አንዱ ሲያነጋግራት ሌሎቹ ይሰለፋሉ። ከርነል የምንለው እሷን ነው።»

«የእኛም አከራይ ከርነል ናት ማለት ነው።»

«ሙድ አትያዝ፣ ስማ። በእኔ ሥራ ግን አራቱም ቤት የየራሱ ትንሽ አከራይ አለው። የሚጋሩት ነገር የለም፤ ጓዳም ቧንቧም። ሲፈላለጉ በደብዳቤ ብቻ። በየበሩ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ደብዳቤው እዚያ ይገባል፤ የቤቱ ሰው ተራው ሲደርስ ከፍቶ ያነባል። በአንድ ተራ አንድ ሳጥን ብቻ።»

«ለምን አንድ ብቻ?»

«ሰዓት አለዋ! ደብዳቤ ሲያነብ ከዋለ ወጡ ያርርበታል።»

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር መጣች። አንዱ ቤት ሥራ ሲበዛበት፣ ከሥራዎቹ አንዱን ጠቅልሎ ለጎረቤት ያዛውራል። ችግሩ፣ ሥራው ቆሞ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። እሳት ላይ እንዳለ ድስት ነው፤ የሚዛወረው ከነእሳቱ ነው። መንገድ ላይ ከዘገየ፣ ቢደርስም እንዳልደረሰ ነው። የእህቴ የሁለት ዓመት ልፋት ይኸው ነበር፦ እሳቱ ሳይበርድ ድስቱን ከቤት ቤት ማዛወር። «ምድጃዬ ሳይበርድ» የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው፤ ከሰማይ አልወረደልኝም።

ይህን ለፈታኙ ኮሚቴ የምታሳይበት መሣሪያ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ነበር። አንድ ሜትር የሚሆን ሐዲድ፣ ሐዲዱ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትሮጥ ትንሽ ጋሪ፣ ጋሪዋ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆም የመጥረጊያ እንጨት። መዳፋችን ላይ እስክሪብቶ ለማቆም እጃችንን ወዲያ ወዲህ እንደምናደርገው፣ ጋሪዋም እንጨቱ እንዳይወድቅ ከስሩ ትሮጣለች። ጋሪዋን የሚያስሮጠው ሥራ እህቴ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል። እንጨቱ ካልወደቀ ሥራዋ ሠርቷል። ከወደቀ አልሠራም። ይህን ለመረዳት ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም። እናታችን እንኳን ገብቷት በስልክ ስለ እንጨቱ ትጸልይ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ያንን እንጨት አጽናው» እያለች።

ጸሎቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ተርም ኮሚቴው ፊት እንጨቱ ወድቆ ነበር። አንድ ተጨማሪ ዕድል ሰጧት፤ የመጨረሻ መሆኑንም በጽሑፍ ነገሯት። ያ የመጨረሻ ዕድል ከዚያች እሑድ በኋላ ባለው ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

የእኔ ድርሻ እንግዲህ ሦስት ቃል ነበር። አማካሪዋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽበታም ዶክተር፣ «መሣሪያው በአማርኛ ይናገር፤ ላብራቶሪውን ሊጎበኝ የሚመጣው ሁሉ ይገባዋል» ብለዋት ነበር። ሥራው ሲዛወር በትልቅ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉ የሚጓዘው ከዚያችው ደብዳቤ ጋር ነው፤ ሳጥኗ ውስጥ ትንሽ ቦታ ተርፎ ስለነበር። እህቴ ቤቷ ውስጥ ገጣሚ አላት፤ ገጣሚውን ጠየቀችው። ስህተቷ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ስምንት የሆነው ለምንድን ነው? ለምን አሥራ ሁለት አይሆንም?» ብዬ ሞገትኳት፤ ያን እሑድ።

«የእንግሊዝኛ ፊደል ሳጥኑ ውስጥ አንድ ቦታ ይይዛል። የአማርኛው ሦስት።»

«ይሄ ግፍ ነው።»

«ሒሳብ ነው።»

«የራሳችን ፊደል በገዛ አገራችን…»

«ኧረ በናትህ! ጻፍልኝ እና ሄደህ ሰልፍ ውጣ።»

ጻፍኩላት፤ ሦስቱን መልእክት በአንድ ጠቅልዬ። «ሥራው ተዛወረ።» ሰባት ፊደል። አንዷን አተርፌ መለስኩላት፤ እንደ ቅሬታ። እህቴ ግን ቅሬታውን አላየችም፤ «ተባረክ» ብላ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሥራውን ከቤት ቤት ስታዛውር ዋለች። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። «ሥራው ተዛወረ፣ ሥራው ተዛወረ፣ ሥራው ተዛወረ» ይላል ስክሪኑ። እያንዳንዱ «ተዛወረ» እንደ ጥፊ ይሰማኝ ነበር። ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፣ አልኩ ለራሴ። ኮሚቴው ፊት፣ በትልቅ ስክሪን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የእኔ ቃል ሊወጣ ነው፤ ወጥቶ የሚለው ግን «ሥራው ተዛወረ» ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን አምስት ቅጂ ልታሳትም ወጣች። ላፕቶፗ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር። የቃላቱን ፋይል ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ስሙም «ቃላት» ነው። ለራሴ ያልኩትን በትክክል አስታውሳለሁ፦ የነካሁት ሥራውን አይደለም፣ ጽሑፉን ነው። ጽሑፍ ደግሞ የእኔ ክፍል ነው። ቀለም የተቀየረ ቤት አይፈርስም። ይህን የመሰለ ክርክር፣ ያውም ከራሴ ጋር፣ ለማሸነፍ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ሥራው ተዛወረ»ን አጠፋሁና ሠላሳ አንዱን ፊደል፣ ከነጠላ ሰረዙና ከአራት ነጥቡ ጋር፣ አስገባሁ። ነጠላ ሰረዙን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። የጥበብ ሰው እንዲህ ነው ብዬ።

ረቡዕ ለአማካሪዋ ልታሳይ ይዘነው ሄድን። ሐዲዱን እሷ፣ እንጨቱን እኔ። ታክሲ ውስጥ እንጨቱ ከጣሪያው ስለሚረዝም በመስኮት ግማሹን አወጣሁት።

«ወንድሜ፣ ጦር ይዘህ የት ልትዘምት ነው?» አለኝ ረዳቱ።

«የሳይንስ መሣሪያ ነው» አልኩት።

«መጥረጊያ ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ፤ እርግጠኛ ሆኖ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እህቴም ሳቀች። በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት የመጨረሻ ጊዜ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ ትልቁ ስክሪን ወደ ዶክተሩ ዞሮ ቆመ። እህቴ ከስክሪኑ ጀርባ፣ ዓይኗን እንጨቱና ላፕቶፗ ላይ የሚወርዱት ቁጥሮች ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ በር አጠገብ ቆምኩ። እንጨቱ ቀጥ አለ። ጋሪዋ ከስሩ በትንሹ ትንቀጠቀጣለች።

«በይ አዛውሪው» አሉ ዶክተሩ።

ቁልፏን ነካች። እንጨቱ፣ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው፣ ቀስ ብሎ ዘመም አለ። ጋሪዋ ደርሳ ልትይዘው ሮጠች። አልደረሰችም። እንጨቱ ጠረጴዛውን መታ፤ ድምፁ ከትልቅነቱ በላይ ነበር።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ ዶክተር» አለች። አቆመችው፤ አዛወረችው፤ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ አቆመችው። ሦስተኛም ወደቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እንጨቱ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ አንዴም አላየሁትም፤ የሰማሁት በጆሮዬ ነው። እኔ የማየው የዶክተሩን ከንፈር ነበር። ስንኟ በትልቁ ስክሪን ላይ በወጣች ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እያነበቡኝ ነበር።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ዝውውሩን አውጪው» አሏት። «አራቱ ከርነሎች በደብዳቤ መገናኘታቸውን ብቻ አሳዪ። እንጨቱ አንድ ቤት ውስጥ ይቁም።»

«ዶክተር፣ ሥራው እኮ ዝውውሩ ነው። እሱ ከወጣ ምን ይቀረዋል? አይመልሱብኝም?»

«ሊመልሱት ይችላሉ። ላይመልሱትም ይችላሉ። ፊታቸው ሁለተኛ ከሚወድቅ ግን ይሄ ይሻላል። ነገ አስቢበት።»

እሷ ገመዶቿን ስትጠቀልል ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ እኔም እንጨቴን ይዤ ወጣሁ።

«አንተ ወንድሟ ነህ?»

«አዎ ዶክተር።»

«እዚያ ላይ የምትወጣዋ ስንኝ ያንተ ናት?»

«አዎ ዶክተር።»

«‹ፍሜን ታቅፌ›…» አሉ። «ጥሩ ናት። ቋንቋ ታውቃለህ። በርታ።» ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከሠርግ ደንበኛ ውጪ ግጥሜን ያመሰገነ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እንጨቱን እንደ ዘንግ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ግድግዳው ባዶ ነበር፤ እኔ ግን ወደ ሩቅ አየሁ።

ከመገናኛ ወደ ጎሮ ስንመለስ እህቴ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ ታወራ ነበር። «ሰኞ ሃምሳ ጊዜ አዛውሬዋለሁ። ሃምሳ! አንዴ አልወደቀም። ከሰኞ ወዲህ አንዲት መስመር አልነካሁም።»

«አንዲትም?» አልኩ።

«አንዲትም! ቁጥሮቹ ደግሞ ደብዳቤው ሁለት ተራ እየዘገየ ነው ይላሉ። በአንድ ሳጥን የሚያልቀው በሦስት እንደተላከ ነገር። ማን ነው ሦስት የሚያደርገው? ያው ደብዳቤ ነው፤ ያው ቁጥሮች ናቸው…»

ገርጂን እያለፍን ነበር። ሒሳብ አልወድም፣ ግን ሠላሳ አንድን በሦስት ማባዛት እችላለሁ። ያኔ፣ እዚያው ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም። መጀመሪያ፣ ቃል እንጨት አይጥልም አልኩ። ቀጥሎ፣ ሌላ ምክንያት ቢኖርስ፣ በከንቱ ባስደነግጣትስ አልኩ። ጎሮ ስንደርስ የቀረኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በስሙ አልጠራሁትም። ከተናገርኩ ስንኟ ትጠፋለች። አንድ የተማረ ሰው «ጥሩ ናት» ያላት ብቸኛ ስንኜ፣ በወጣችበት ዕለት።

ቤት ገብተን እራት ሠራሁላት፣ ሁለት ጊዜ ሻይ አፈላሁላት፣ ሳልጠየቅ ሳህን አጠብኩ። ጥፋተኛ መሆኔን ከዚህ በላይ የሚያሳብቅ ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችም።

ሐሙስ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ እህቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አምስት የታተሙ ጥራዞች ዙሪያዋን ተዘርግተዋል። ከእያንዳንዱ ጥራዝ ውስጥ ስድስተኛውን ምዕራፍ፣ የዝውውሩን፣ ገጽ በገጽ እየነቀለች ነው። አታለቅስም። ሽቦውን በቢላዋ ጫፍ ታነሳለች፣ ገጹን ትስባለች፣ ትደረድራለች። የሁለት ዓመቷን ግማሽ እንደ ድንች ልጣጭ እያነሳች ነበር።

«አትንቀይው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ስድስተኛውን ምዕራፍ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ምዕራፍ የምታውቀው?»

«ማክሰኞ የቃላቱን ፋይል ነክቼዋለሁ።»

ቢላዋው ቆመ። «ምን አደረግህበት?»

«መለስኳት።»

«ማንን?»

«ሠላሳ አንዷን።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ ለጩኸቱ ተዘጋጅቼ መልስ ሁሉ ነበረኝ። አልጮኸችም። ተነስታ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ፋይሉን አየች፣ ከንፈሯ መቁጠር ጀመረ። «ዘጠና ሦስት… ነጥቦቹና ክፍተቱ ሲጨመሩ መቶ ያልፋል… ደብዳቤው የሚይዛቸው ቁጥሮች ሲደመሩ ሦስት ሳጥን።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ሦስት ሳጥን፣ ሦስት ተራ። ተቀባዩ ደብዳቤው ሳያልቅ ሥራውን አይጀምርም። ግጥም እስኪያልቅ ሲጠብቅ ነው እንጨቱ የሚወድቀው።»

«አላወቅኩም ነበር» አልኩ።

«ማክሰኞ አላወቅክም። መቼ ነው ያወቅከው?»

«ትናንት። ታክሲ ውስጥ።»

«ታክሲ ውስጥ! እኔ እዚያ ተቀምጬ ራሴን እየበላሁ! ለምን አልነገርከኝም?»

እውነቱን ስናገር ድምፄ ያንሳል፤ ግጥም ሳነብ እንዲህ አይደለም። «ዶክተሩ ጥሩ ናት አሉኝ። ኮሪደር ላይ። ‹ፍሜን ታቅፌ› ጥሩ ናት አሉ።»

ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር እስካሁን ማታ ማታ ይመለስብኛል፤ በንዴት አይደለም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው፦

«እንጨቱ ሲወድቅ ደስ ብሎህ ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ። «ሲወድቅ አይደለም። እሳቸው ሲያነቡ ግን… ትንሽ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ያሰበችው ሒሳብ ልክ እንደመጣላት ሰው። ስንኟን አጠፋችና በምትኩ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቴን ሳሰግግ እንኳን አልከለከለችኝም። «ሥራው ተዛወረ።» የእኔ ናት እሷም፤ ግን ያን ጊዜ አልተናገርኩም። እየተሻሻልኩ ነበር።

«ና ቁጠር» አለችኝ። ሐዲዱን ዘረጋን፤ እንጨቱን አቆመች። እሷ ቁልፏን ትነካለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እንጨቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ሥራው ከቤት ቤት ሲዛወር እንጨቱ ላይ ምንም አይታይም፤ ምንም አለመታየቱ ነው የሁለት ዓመት ሥራዋ። ሃምሳ ስል እህቴ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ጣሪያውን አየች። ቀና ብላም «መቶ አድርሰው» አለችኝ፤ አደረስኩት።

ከሰዓት በኋላ የነቀለቻቸውን ገጾች መለስን፤ ሽቦ እኔ እያስገባሁ። እሷ ደግሞ ምዕራፉ መጨረሻ ላይ የሚገባ አንድ ገጽ አዲስ ትጽፍ ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የታወቁ ድክመቶች። የረቡዑን አስገብቼዋለሁ።»

«ለምን? ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ደግሞ ጥፋቱ የእኔም ነው። ጽሑፉ ሲረዝም መሣሪያው እምቢ እንዲል ማድረግ ነበረብኝ። ለሰው ነግሬ፣ ሰው አምኜ ተውኩት። አሁን እምቢ ይላል።»

ሰው አምኜ ያለችውን ዋጥኩት። ቀጥዬ ግን ያልኩትን ስጽፈው እንኳን አፍራለሁ። «ስንኟ ትታተማለች ማለት ነው?»

«እንደ ምሳሌ፣ አዎ። ሠንጠረዡ ውስጥ።»

«ስሜስ?»

ቀና አለች። «ስምህን ላስገባ? እንደ ምን? እንደ ብልሽት?» ከዚያ ዞራ ጽሑፏን ቀጠለች። ገጹ ሲወጣ አየሁት። «አንድ ተጠቃሚ ያስገባው ከመጠን ያለፈ ጽሑፍ» ይላል፤ ከስሩ ስንኜ፣ ከነነጠላ ሰረዟ፤ ከጎኗ ደግሞ የዘገየችበት ጊዜ። የመጀመሪያ የታተመ ግጥሜ ይኸው ነው። አምስት ቅጂ።

ዓርብ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እህቴ ሐዲዱን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ያዘች፤ ላፕቶፗን ተሸከመች፤ ጥራዞቹን በአንድ እጇ አንጠለጠለች፤ በሌላው እንጨቱን አነሳች።

«ልያዝልሽ።»

«አይ።»

«አራት ፎቅ ነው እኮ፤ ደረጃው…»

«ወርጄው አውቃለሁ።»

«እሺ ባዶ እጄን ልምጣ። ከኋላ እቀመጣለሁ። ቃል አይወጣኝም፤ ቃሌን እሰጥሻለሁ።»

እቃዋን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አንተ እዚያ ካለህ ማንን እያየህ እንደሆነ ነው የማየው» አለች። «ዛሬ እንጨቱን ብቻ ነው ማየት ያለብኝ።»

በሩን ልከፍትላት ተነሳሁ፤ በክርኗ ቀደመችኝ።

«ለእማዬ ደውልላት» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሆነ ንገራት። ሌላ ምንም አትጨምርበት።»

እንጨቱ በአግድም ስለነበር የበሩን መቃን መታ። ወደ ኋላ አለች፣ አቁማ ያዘችው፣ ወጣች፤ በሩንም በእግሯ ስባ ዘጋችው።